የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ኢንጂነር መሠረት

የመሠረትን ሞት የነገረኝ ሸምሱ ነው። ሸምሱ የሱቃችን ጫኝና አውራጅ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መርካቶ ውስጥ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሲጮህ ስለኖረ ቀስ ብሎ ማውራት አይችልበትም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ገብቶ ሁለት እጁን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ ቆመ። ምን ሆንክ አልኩት። ቀስ ብሎ፣ «ሰዓዳ፣ ኢንጂነሯ አረፈች» አለኝ።

መታመሟን እናውቅ ነበር። ሆስፒታል ድረስ ሄደን ጠይቀናታል፤ መክሳቷንም በዓይናችን አይተናል። ቢሆንም ሞትና መሠረት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገቡ አይመስለኝም ነበር። ሸምሱን «ውሸትህን ነው» አልኩት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንደማይዋሽ እያወቅኩ።

በቀብሯ ዕለት ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ባለው በእኛ መንገድ ላይ ግማሹ ሱቅ ተዘግቶ ዋለ። አስከሬኗን ከተሸከሙት መካከል ሴቶች ነበሩበት፤ ሰማያዊ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ። እሷ ያስተማረቻቸው ኤሌክትሪሺያኖች ናቸው። አንድ ሽማግሌ ተገርመው «ሴት አስከሬን ትሸከማለች እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ከጎናቸው የቆመ የሚስማር ነጋዴ «ጋሼ፣ እነዚህ የማይሸከሙት ነገር የለም» ሲላቸው ሰማሁ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ጎበዝ ነበረች» ይላል። እኔ ግን ቃሉ አነሰብኝ። ጎበዝ ሰው መርካቶ ሞልቷል፤ ጎበዝ ያልሆነማ እዚህ አንድ ሳምንት አያድርም። መሠረት ሌላ ነገር ነበረች። ያንን ሌላ ነገር ለማስረዳት ከመጀመሪያው ቀን መነሳት አለብኝ።

ሐጂ በድሩ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብራቸው በር ላይ «ሴት የሽያጭ ሠራተኛ፣ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቀች» የሚል ማስታወቂያ አስለጥፈው ነበር። እኔ ያኔም ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። ረዘም ያለች፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ልጅ ገባችና በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ሰጠቻቸው። ሐጂ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። ከዚያ መነጽሩን አውርደው እንደገና አነበቡት።

«ልጄ፣ ይሄ'ኮ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው።»

«አዎ ሐጂ።»

«ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ይላል።»

«አዎ።»

«የማን ነው?»

«የኔ ነው። ስሜ እዚያው አለ።»

ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ የምፈልገው አምፖልና ሶኬት የሚሸጥልኝ ሰው ነው። አንቺ ዛሬ ገብተሽ ነገ ጥሩ ሥራ ስታገኚ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ።»

«ጥሩ ሥራ ባገኝ ኖሮ መች እዚህ እመጣ ነበር!» አለች። ካፏ እንደወጣ ደነገጠች። «ይቅርታ ሐጂ፣ የእርስዎን ቤት ንቄ አይደለም።»

ሐጂ ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸው ባንኮኒውን ይገፋው ነበር። «እውነት ነው የተናገርሽው፣ ምን ያስደነግጥሻል? ነገ በጠዋት ነይ።»

ጥሩ ሥራ ያላገኘችበትን ምክንያት የነገረችኝ ከተግባባን በኋላ ነው። ደንበኛ ሲቀዘቅዝ እኔና እሷ ከኋላ በኩል የገመድ ጥቅል ላይ ቁጭ ብለን ለውዝ እንበላ ነበር። መሠረት ለውዝ አይጠፋትም፤ በኋላ የመሣሪያ ቦርሳዋ እንኳን ከፒንሳና ካቻቪቴ እኩል የለውዝ ገለባ ይወጣበት ነበር።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተናውን አልፋ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ጠያቂው ትሑት ሰው ነበር አለች። «ውጤትሽ ግሩም ነው። ግን ሥራው ሳይት ላይ ነው፤ ሴት ልጅ ብረት ላይ ስትንጠለጠል ማየት ይከብደናል። እንግዳ መቀበያ ላይ ክፍት ቦታ አለን፣ እሱን ብንሰጥሽስ?» አላት። ሳይቱን ያገኘው አብሯት የተመረቀ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ለፈተና የምታስጠናው እሷ ነበረች።

«አልተናደድሽበትም?» አልኳት።

«በሱ? ኧረ እሱ ምን አደረገ? ደውሎ ነገረኝ፣ እንኳን ደስ አለህ አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ።»

ሁለተኛው ቦታ ፋብሪካ ነው። እነሱ ሴት ናት ብለው አልተሳቀቁም፤ ቀጠሯት። ሥራዋን ወደዱላት። አንድ ቀን ግን የአገሯ ልጅ የሆነ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ «አንቺ የእነማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። የእናቷን ስም ነገረችው። ያደገችበት አገር ሸክላ የሚሠራ ሰው ከሌላው ጋር አይጋባም፣ መሬት የለውም፣ ዓይኑ ይፈራል፤ ቡዳ ነው ይሉታል። ትምህርት ቤት ሳለች አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፍቶ አንድ ዴስክ ለብቻዋ ይዛ ነው የተማረችው። አዲስ አበባ ይሄ ሁሉ የለም ብላ ነበር የመጣችው። ወሬው ፋብሪካውን ለመዞር ብዙ አልፈጀበትም። ማንም ፊት ለፊት ክፉ ቃል አልተናገራትም። ሰላምታው አጠረ፤ እሷ ስትገባ ጨዋታው ይቆም ጀመር። የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ «ከሠራተኛው ጋር መግባባት አልቻልሽም» ተብላ ተሰናበተች።

«ምን እንደገረመኝ ታውቂያለሽ ሰዓድዬ?» አለችኝ። «ሴት ነሽ ብለው የከለከሉኝ ሰዎች ዓይኔን እያዩ ነው የነገሩኝ። በዘሬ የከለከሉኝ ግን አቀርቅረው ነው የከለከሉኝ። የሚያፍሩበት ከሆነ ለምን ያደርጉታል?»

  ከዚያ ቀን በኋላ የራሴን መንገድ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እዚህ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች ሴት ሻይ ታቀርባለች፤ ስሙን በቅጡ መጻፍ የማይችል ወንድ መጋዘን ይመራል። የሚሸምነው የአንድ አገር ልጅ ነው፤ እህል በረንዳ ጆንያ የሚሸከመው የሌላ አገር ልጅ ነው፤ ጫማ የሚጠርገው ደግሞ የሌላ። ንግዱ የኛ ነው የምንል አለን። ይሄን በአዋጅ ያወጣው የለም፤ ሰው ሁሉ ግን ቦታውን ያውቀዋል። አዲስ ሰው ሲመጣ «ምን ተማርክ?» ብለን አንጠይቅም። «የት አገር ነህ?» ነው የምንለው፤ መልሱን ስንሰማ ምን ዓይነት ሥራ እንደምንሰጠው በልባችን ጨርሰናል። እኔም ራሴ እንደዚያ ነበርኩ፤ ልብ ብዬው ግን አላውቅም።

መሠረት ሽያጭ ላይ በቆመችበት ጊዜ ደንበኛው ሁሉ ከሷ አልፎ ወደ ውስጥ ይመለከት ነበር። «እስቲ ወንዱን ጥሪልኝ» ይላታል። እሷም ቅር ሳይላት ወደ ኋላ ዞር ብላ፣ «ሸምሱ! ወንድ ተፈልገሃል!» ብላ ትጮሃለች። ሸምሱ ጆንያውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ብቅ ይላል። ሰውየው የትኛው ገመድ ለምን እንደሚሆን ሲጠይቀው ሸምሱ፣ «ወንድሜ፣ እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። እሷን ጠይቃት» ብሎ ይመለሳል። ሁለቱ ይሄን ጨዋታ ወደውት ስለነበር አንዳንዴ ደንበኛው ሳይጠይቅም ሸምሱ ከኋላ «ወንድ አልተፈለገም ዛሬ?» እያለ ይጣራ ነበር።

ከባንኮኒው ጀርባ የወጣችው በአንድ የበዓል ዋዜማ ነው። ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ደንበኛ ነበሩን። ገበያው በደራበት ሰዓት ሱቃቸው መብራት ጠፍቶበት እየተንቆራጠጡ መጡ። የሚያውቁት ኤሌክትሪሺያን ስልክ አላነሳ ብሏቸዋል።

«እኔ ልየው» አለች መሠረት።

ሐጂ «አንቺ?» አሏት።

«ወረቀቴ ላይ ያለውን ረሱት እንዴ ሐጂ?»

አብሬያት ሄድኩ። ቀሚሷን ሰብስባ ከውስጥ በለበሰችው ሱሪ መሰላሉ ላይ ወጣች። ሴት መሰላል ላይ ወጥታ ገመድ ስትፈታ አይቶ የማያውቅ ገበያተኛ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ከመሃል አንዱ፣ «ኢንጂነሯ! ላይ ድረስ ከወጣሽ አይቀር እግዜርን ሰላም በይልን!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ አውካካ። መሠረት ዞር ሳትል፣ «ደህና ነኝ ይላል! ወሬውን ትተህ መሰላሉን ያዝላት ብሎሃል!» አለችው። ሰውየው ራሱ እየሳቀ መጥቶ መሰላሉን ያዘ፤ እስክትጨርስ ድረስም አልለቀቀም።

አንድ ነገር ያኔ አስተዋልኩ። ግድግዳውን ከመንካቷ በፊት መዳፏን ዘርግታ ታሳርፍበታለች፤ ከዚያ በጣቶቿ ጫፍ መታ መታ እያደረገች ጆሮዋን ታዘነብላለች። ሁልጊዜ እንደዚያ ናት፤ ኮንክሪትም ይሁን ጭቃ፣ መጀመሪያ ትዳብሰዋለች። ከየት እንዳመጣችው የገባኝ በኋላ እናቷን እትዬ አማረችን ሳይ ነው። እናቷ ሸክላ ተራ ቁጭ ብለው ለገዢ ድስት ሲያሳዩ ልክ እንደዚያ አድርገው መታ መታ ያደርጉታል፤ ያልተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ይለያል። ሴትየዋ ፊደል አልቆጠሩም። ልጃቸውን ከትንሽነቷ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯት በዚያ ድስትና ገንቦ ነው። ስትመረቅ ልጃቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ገቡ፤ ሥራቸውንም ይዘውት መጡ።

የእትዬ በላይነሽ ሱቅ ሲበራ ጎረቤቶቻቸው ወረፋ ያዙ። «ኢንጂነሯ» የሚለው ስም መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ እያደር ቀልድነቱ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቀረ። ሐጂ ከመደብሩ በላይ ያለችውን ቆጥ ለሥራዋ ለቀቁላት። ከዚያ ሴቶቹ መምጣት ጀመሩ።

የመጀመሪያዋ ህይወት ናት። ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ተምራ የምስክር ወረቀቷን ሻንጣ ውስጥ ቆልፋ አንድ ሕንፃ ላይ ደረጃ ትጠርግ ነበር። ከሷ በኋላ ሌሎቹ ተከተሉ፤ በኮንስትራክሽን የተመረቀች የልብስ ሱቅ ረዳት፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ እንዲህ እንዲህ ያሉ። መሠረት ስትቀጥር ጥያቄ አታበዛም። አሮጌ ሶኬትና ካቻቪቴ ታቀብላትና «ፍቺው» ትላለች። ቀጥላ «አሁን ግጠሚው»። ልጅቷ «እኔ እንኳን የመጣሁት ከ...» ብላ ስትጀምር፣ «እሱን ሻይ ስንጠጣ ትነግሪኛለሽ። መጀመሪያ ይሄን ጨርሺ» ትላታለች። እጅዋን አይታ ትወስናለች።

መልአክ ነበረች አልልም። ቁጡ ናት። መብራት ሳይቋረጥ ገመድ የነካች ሴት ካየች ጩኸቷ ከሱቃችን አልፎ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። «እናትሽ አስከሬንሽ ላይ እንድታለቅስ ነው የምትፈልጊው?» ትላለች። አንዷን አስለቅሳ ለውዝ ገዝታ ስትመለስ ግን ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ።

እንዲህ እየሠሩ ሳለ ነው ትልቁ ነገር የመጣው። በአካባቢያችን ባለብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከል ያሠራ አንድ አስመጪ ነበር። የመሠረትን ሥራ በየሱቁ አይቶ ኖሮ አስጠራት። «ሁለት ጆሮ አይበቃኝም፣ አብረሽኝ ነይ» ብላ እኔን ይዛኝ ሄደች። ሰውየው በአክብሮት ተቀበለን። የሕንፃው የኤሌክትሪክ ኃላፊ እንድትሆን ይፈልጋል፤ ቢሮ አለው፣ ቋሚ ደሞዝ አለው፣ ጡረታ አለው። መሠረት አብረዋት የሚሠሩትን ሴቶች ነገር አነሳች። «ይዘሻቸው ነይ፣ ሁሉንም እቀጥራለሁ» አላት።

ያን ቀን ቆጡ ላይ የነበረው ደስታ! ህይወት የምታደርገው ጠፍቷት መጀመሪያ ሸምሱን፣ ቀጥላ እኔን አቀፈችን። ደረጃ መጥረግ የተገላገለች ቢሆንም ሥራ የሚገኘው አንድ ቀን ሲኖር አንድ ቀን ሳይኖር ነበር፤ የቤት ኪራይ ደግሞ እንደዚያ አይደለም። ቋሚ ቅጥር ለነሱ ሕልም ነበር።

ውሉን ለመፈረም ስንመለስ ሰውየው ብዕሩን አቀበላትና መልሶ ያዘው።

«አንድ ትንሽ ነገር አለች» አለ። «እናትሽ ሸክላ ተራ ናቸው አሉኝ።»

«አዎ። ድስትና ገንቦ ትሸጣለች። ራሷ የሠራችውን ነው።»

«ጥሩ ነው። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ተከራዮቼ ግን ብዙ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ሰው ደግሞ አፉ አያርፍም። ሕንፃው አዲስ ነው፣ ስም ከወጣለት ማን ይከራየዋል? እናትሽ እዚህ አካባቢ ባይመጡ። የት አገር ነሽ ያለሽ ሰው ካለ ደግሞ፣ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው በይና እለፊው። ለአንቺው ብዬ ነው።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ ነው። ዝናብ ሊመጣ ነውና ጃንጥላ ያዢ እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው።

መሠረት «እስከ ነገ ይስጡኝ» ብላ ተነሳች።

ቆጡ ላይ ወጥታ ለሴቶቹ የተባለውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ምንም አልደበቀችም።  መጀመሪያ የተናገረችው ህይወት ናት። «ታዲያ ምን ችግር አለው? እናትሽ እዚያ ሕንፃ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ? አታምጫቸው፣ አለቀ። ማን ይጎዳል?»

«እኔ እጎዳለሁ» አለች መሠረት።

«የኛንስ ኑሮ አታስቢም?» አለች ህይወት። «አንቺ ዲግሪ አለሽ፣ ነገ ሌላ ታገኛለሽ። እኛስ?»

«ከዚያ ቢሮ ከወጣሁ ጀምሮ ከናንተ ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም» አለች መሠረት። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ህይወት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሳትሰናበት ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት መሠረት እናቷን ይዛ ሱቃችን መጣች። እትዬ አማረች ጭቃ የነካው የሥራ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ፤ ልጃቸው የምትሠራበትን ሕንፃ ልታሳያቸው የምትወስዳቸው መስሏቸው ፊታቸው ፈክቷል። መሠረት «ሰዓድዬ፣ ነይ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ሐጂ በዓይናቸው ሂጂ አሉኝ።

በሩ ላይ ዘበኛው አየንና «ዕቃ መግቢያ በኋላ በር ነው» አለ።

«ዕቃ አልያዝንም» አለችው መሠረት፤ የእናቷን ክንድ ይዛ ገባች።

ሰውየው ቢሮ ስንገባ ብድግ አለ። መሠረት ወንበር ስባ እናቷን አስቀመጠች፤ ራሷ ግን ቆመች።

«እናቴ ወይዘሮ አማረች ትባላለች» አለችው። «ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሥራውን በጣም እፈልገዋለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩትም ይፈልጉታል። እሷ የማትገባበት ቤት ግን እኔም አልገባም። ይሄን በስልክ ልነግርዎት እችል ነበር፤ እሷን ካዩ በኋላ ግን ምናልባት ሐሳብዎን ይለውጡ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት።»

  ሰውየው ወደ መስኮቱ ተመለከተ። እትዬ አማረች ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ይሄን ንግግር ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰምተውታል፤ ትርጉም አያስፈልጋቸውም። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተነሱ።

«ልጄ፣ ሰውየውን አታስጨንቂው። ጌታዬ፣ ይተዋት፣ ትሠራለች። እኔ አልመጣም። እኔ እንደሆን ለምጄዋለሁ።»

«እኔ ግን አልለመድኩትም» አለች መሠረት።

ሰውየው ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም።  ከዚያ መሠረት እናቷን ደግፋ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳቸው። በመጀመሪያው ፎቅና በምድር ቤቱ መካከል ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በጉልበቷ ደብቃ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እናቷ ከጎኗ ተቀምጠው ጀርባዋን ይዳብሱ ነበር። ዕቃ የያዙ ሰዎች በአጠገባችን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እኔ ቆሜ አየሁ። በሕይወቴ ትልቅ ባለሥልጣንም፣ ትልቅ ሀብታምም በቅርብ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሰው ፊት አንሼ አላውቅም።

ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እነመሠረት ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ መሥራታቸውን ቀጠሉ። ነገሩ ሲሰማ ከደንበኞቻቸው ጥቂቶቹ ሸሹ፤ እንደነ እትዬ በላይነሽ ያሉት ግን ዘመዶቻቸውን ሳይቀር እየጎተቱ አመጡላቸው። ብዙ ቆይተው የሙያ ፈቃድ አወጡ፣ ብዙ ቆይተው ከዚያኛው የማያንሱ ሕንፃዎች ላይ ሠሩ። ዛሬ ቡድኑን የምትመራው ህይወት ናት። ይሄን ሁሉ የመንገዳችን ሰው ያውቀዋል። የማያውቀው ከዚያ ቢሮ ወጥተን ወደ ሱቅ የተመለስንበትን ቀትር ነው።

ሐጂ ፊታችንን ሲያዩ ሸምሱን ጠርተው ሥጋ የሌለበት ምሳ አስመጡ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዲበላው። ከኋላ የገመድ ጥቅሎቹን ጠጋ ጠጋ አድርገን መሶብ ወርቁን አንዱ ካርቶን ላይ አኖርነው። ሴቶቹ ከቆጡ ወረዱ። እትዬ አማረች ግን ወደ በሩ ፈቀቅ ብለው ቆሙ።

«እኔ በኋላ እበላለሁ» አሉ። «ለብቻ በሆነች ሰሃን ትንሽ ቢያደርጉልኝ ይበቃኛል። በኛ አገር እኛ ከሰው ጋር አንቀርብም፤ አይክበድዎት።»

ሐጂ የእጅ መታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ ከሸምሱ ተቀበሉ። ጉልበታቸው ያማቸው ስለነበር ግድግዳውን ተደግፈው ነው ጎንበስ ያሉት። «እጅዎን ይዘርጉ» አሏቸው።

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ ለኔ?»

«ቤቱ የኔ ነው እትዬ። እንግዳ የሚያስታጥበው ባለቤቱ ነው።»

እትዬ አማረች ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጭቃ የሰነጣጠቀውን እጃቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ።  መሠረት ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ አምፖል የምትቆጥር መስላ ቆመች።

ያኔ ህይወት በሩ ላይ መሆኗን አየን። ከትናንት ጀምሮ አልመጣችም ነበር። መቼ እንደደረሰች፣ ምን ያህሉን እንዳየች አላውቅም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆማለች።

«የኔ አባት ቀጥቃጭ ነው» አለች።

ማንም አልጠየቃትም። ወደ ማን እንደምትናገር እንኳን አላወቅንም።

«አገር ቤት መምህር ነው ብዬ የነገርኳችሁ ውሸቴን ነው። ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነው። ያደግኩት ከሰው ተለይተን ነው፣ እንደ እናትሽ። አዲስ አበባ ስገባ ሁሉንም ትቼው መጣሁ። ለሰው ስናገር ስሙን እንኳን እለውጠዋለሁ።»

መሠረት ከመደርደሪያው ዞረች። ትልቅ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ «የአባትሽ ትክክለኛ ስም ማነው?» አለቻት።

 «ዳንጊሶ» አለች ህይወት። ቃሉን ለረጅም ጊዜ ጮክ ብላ እንዳልተናገረችው ያስታውቃል።

መሠረት ገመዱ ላይ ተቀመጠችና ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ወደ እናቷ ዞራ፣ «እማዬ፣ ይቺ ህይወት ናት። የአቶ ዳንጊሶ ልጅ» አለች።

እትዬ አማረች እርጥብ እጃቸውን እንደዘረጉ ልጅቷን አዩዋት። «ቀጥቃጭ ናቸው?» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «የኔን የሸክላ መፋቂያ የሠራልኝም ጎረቤታችን ቀጥቃጭ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አልደነዘዘም።»

ህይወት ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባትና ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችው። ሐጂ ማንቆርቆሪያውን ገና አላስቀመጡም ነበር።

«የዳንጊሶ ልጅ» አሏት፤ «ነይ፣ እጅሽን ታጠቢ።»